ከማተሚያው የመጣና ከመንገድ የመጣ

በመካነ ሰላም ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፣ ለኅትመት ተስተካክሎ

 

የዛሬው ንግግሬ ዓላማ አንድ ነው። አንድ ሳንቲም ወይም አንድ ጠገራ ብር ከጓደኞቹ የተለየ ሆኖ ሲታየን፣ ልዩነቱ ሲታተም የተፈጠረ ነው ወይስ ከታተመ በኋላ የደረሰበት ነው ብለን መጠየቅና መልሱንም በራሳችን ዓይን መፈለግ እንድንችል ነው። መጀመሪያ ይህ ጥያቄ ለዚህ አገር ለምን እንግዳ እንዳልሆነ እናገራለሁ። ቀጥዬ ሳንቲም እንዴት እንደሚታተም፣ ከአታተሙም የሚወጣውን ዋና ሕግ አስረዳለሁ። ከዚያ በገዛ አገራችን ገንዘብ ላይ ሰውን የሚያሳስቱትን ምልክቶች እንመለከታለን። በመጨረሻ ስሕተት ሳይሆን ጉዳት ሆኖ የተገኘውን ገንዘብ ምን እናድርገው በሚለው ላይ አንድ ልመና አቀርባለሁ።

ጥያቄውን አስቸኳይ ያደረገው በየስልካችን የሚዞረው ወሬ ነው። አሮጌ ሽልንግ በሚሊዮን ይሸጣል፣ ጠርዙ የጎደለ ስሙኒ ያለው ይደውል፣ ፊደሉ የተደረበ ሳንቲም ቤት ያሠራል ይባላል። ይህን ሰምቶ የእናቱን ሣጥን የሚበረብር ወጣት አለ። የተበረበረውን በርካሽ ሰብስቦ የሚሄድ ሰውም አለ። ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ ብረት ነው፤ የሚለያቸው ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ ደግሞ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አጉሊ መነጽር፣ የአንጥረኛ ሚዛን፣ ማግኔት፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይበቃል።

ወደ መጀመሪያው ነገሬ ልግባ። ይህ አገር ገንዘብ መርምሮ መቀበልን ከማንም አልተማረም። ከዚህ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለችውን መቅደላን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነሥቶ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን እስከ ሠዉበት አምባ ድረስ ሲዘልቅ፣ ለእህልና ለመኖ፣ ለአጋሰስና ለጉልበት የሚከፍለው ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። የእንግሊዝ ወርቅ እዚህ ገበያ ላይ ዋጋ አልነበረውም። ስለዚህ የእንግሊዝ መንግሥት በሚሊዮን የሚቆጠር የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ማለትም ጠገራ ብር፣ ከኦስትሪያ ገዝቶ ከሠራዊቱ ጋር ላከ። ዓለምን ይገዛ የነበረ መንግሥት የወሎንና የትግራይን ገበሬ ምርጫ ተከትሎ ገንዘቡን ለወጠ ማለት ነው።

ገበሬው ብሩን ሲቀበል ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። በብሩ ላይ ባለችው ንግሥት በማርያ ቴሬዛ ራስ ጌጥና በትከሻዋ መርፌ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ያያል፣ ይቆጥራል። ጠርዙን በጣቱ ይዳስሳል፤ ምክንያቱም በብሩ ጠርዝ ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ተጽፏል። ከጠርዙ ብር የሚከረክም ሌባ ቢኖር ጽሑፉን ያጠፋዋልና ወዲያው ይታወቅበታል። ያረጀውን፣ የደበዘዘውን፣ የተከረከመውን አልቀበልም ብሎ ይመልሳል። እኔ ዛሬ የማስተምረው ነገር አያቶቻችን በገበያ ቀን ቆመው ይሠሩት የነበረ ምርመራ ነው። ልዩነቱ እነሱ ይመረምሩ የነበረው እንዳይታለሉ መሆኑ ነው፤ እኛ ደግሞ ዛሬ ራሳችንን እንዳናታልል መመርመር አለብን።

አሁን ወደ አታተሙ ልሻገር። ሳንቲም በፋብሪካ ሲሠራ መጀመሪያ ብረቱ ተዳምጦ ረጅም ቅጠል ይሆናል። ከቅጠሉ ላይ በመብሻ ባዶ ክቦች ተቆርጠው ይወጣሉ። ክቦቹ በእሳት ይለሰልሳሉ፤ ዙሪያቸውን ተገፍተው ጠርዛቸው ከፍ ይላል። ከዚያ እያንዳንዱ ባዶ ክብ በሁለት ጠንካራ ብረቶች መካከል ይገባል። ምስሉና ጽሑፉ በእነዚህ ብረቶች ላይ ተገልብጦ ተቀርጿል፤ ዛሬ ማኅተም እያልሁ የምጠራቸው እነሱን ነው። በዙሪያው ደግሞ ብረቱ ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዝ ቀለበት አለ። መኪናው አንድ ጊዜ በኃይል ይጫናል፣ ሳንቲሙም ይወለዳል። ከዚህ በኋላ ማተሚያ ቤቱ ይመረምራል፣ ይቆጥራል፣ በከረጢት ያሽጋል።

የማተሚያ ስሕተት የሚባለው ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ሲሰናከል የሚፈጠር ነገር ነው። ባዶው ክብ ሲቆረጥ ጎድሎ ሊቆረጥ ይችላል። ማኅተሙ ሊሰነጠቅ፣ በቅባትና በቆሻሻ ሊደፈን፣ ሲቀረጽም ሊደረብ ይችላል። ክቡ በማኅተሞቹ መካከል በትክክል ሳይቀመጥ ቢጫን ምስሉ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ቀለበቱ ሳይይዘው ቢጫን ሳንቲሙ ተዘርግቶ ይሰፋል። ሳንቲሙ ከከረጢቱ ከወጣ በኋላ የደረሰበት ሁሉ ግን ጉዳት ነው። ድንጋይ ቢጭረው፣ እሳት ቢለበልበው፣ መዶሻ ቢመታው፣ አፈር ቢበላው ያው ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ አጠራጣሪ ሳንቲም ፊት የምንጠይቀው ጥያቄ «ይህን መኪናው ሊያደርገው ይችላልን?» የሚል ይሁን። «እንዲህ ያለ ከዚህ በፊት አላየሁም» ማለት ማስረጃ አይደለም፤ ሁለት ሳንቲሞች በአንድ ዓይነት መንገድ አይጎዱምና የተጎዳ ሳንቲም ሁሉ ብቸኛ ነው።

ከዚህ አታተም የሚወጣውን ዋና ሕግ በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። በእንጨት ላይ የተቀረጸ ማኅተም በሊጥ ላይ ስንጫን፣ በማኅተሙ ላይ ጭረት ቢኖር ሊጡ ላይ የሚወጣው ጎልቶ ነው። ሊጡን ራሱን በጥፍር ብንጭረው ግን መስመሩ ይሰረጉዳል። ሳንቲምም እንዲሁ ነው። የማተሚያው ማኅተም ሲሰነጠቅ፣ ብረቱ በግፊቱ ወደ ስንጥቁ ውስጥ ይገባልና በሳንቲሙ ላይ ጎልቶ የወጣ ቀጭን መስመር ይተዋል። መስመሩ ብዙ ጊዜ ከጠርዝ ተነሥቶ ፊደሎችን እያቋረጠ ይሄዳል። የማኅተሙ ጫፍ ጨርሶ ቢሰበር በዚያ ቦታ ምስልም ጽሑፍም የሌለው ያበጠ ክምር ይታያል። በቢላ፣ በምስማር ወይም በድንጋይ የተጫረ ሳንቲም ግን መስመሩ ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ በሁለቱም ዳር የተገፋው ብረት በጥቂቱ ተነሥቶ በጣት ይሻክራል።

ይህ አንድ ሕግ ብቻ አሳሳች ከሆኑት ብዙዎቹን ያጠራል። ሆኖም የጎላው ሁሉ ስሕተት፣ የሰረጎደውም ሁሉ ጉዳት አይደለም። በማኅተሙና በክቡ መካከል ክር፣ ቁራጭ ብረት ወይም ቅባት ገብቶ ቢጫን የሚተወው ምልክት የሰረጎደ ነው፤ የማተሚያ ስሕተትም ነው። እንዴት እንለየዋለን? በመዶሻ ወይም በምስማር የተመታ ጉድጓድ ብረቱን ገፍቶ ዙሪያውን ያስነሣል፣ አንዳንዴም በጀርባው በኩል ያብጣል። በኅትመት ጊዜ የገባ ባዕድ ነገር ግን ዳሩን አያስነሣም፤ የጉድጓዱ ወለልም እንደ ቀሪው ሳንቲም ያረጀ፣ ያንኑ ቀለም የያዘ ነው። ሁልጊዜ ጥልቀቱን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ተመልከቱ።

ጠርዙ የጎደለው ሳንቲም ለብቻው ጊዜ ይገባዋል፤ በወሬው ብዙ የሚጠራው እሱ ነውና። መብሻው ከቅጠሉ ላይ ክብ ሲቆርጥ፣ ቀድሞ ከተቆረጠው ቀዳዳ ጋር ቢደራረብ አዲሱ ክብ በአንድ በኩል የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጉድለት ይዞ ይወጣል። ይህ እውነተኛ ስሕተት ነው። ምስክሩም ያለው ከጉድለቱ ፊት ለፊት፣ በተቃራኒው ጠርዝ ላይ ነው። ክቡ ዙሪያውን እየተገፋ ጠርዙ ከፍ በሚልበት ጊዜ ጉድለቱ ባለበት በኩል የሚገፋው ስለማይኖር፣ በተቃራኒው በኩል ያለው ጠርዝም ግፊት አጥቶ ደካማ ሆኖ ይቀራል። በጉድለቱ አጠገብ ያሉት ፊደሎች ደግሞ ሳይቆረጡ ወደ ባዶው ቦታ እንደ መፍሰስ ይላሉ። በመቀስ ወይም በሞረድ ጎድሎ የተሠራ ሳንቲም ግን ተቃራኒው ጠርዝ ሙሉና ጤነኛ ነው፣ ፊደሎቹም በመካከላቸው ድንገት ተቆርጠዋል፣ በቁርጡ ላይ የመሣሪያው መስመር በአጉሊ መነጽር ይታያል። አታላይ ጉድለቱን ይሠራል፤ ተቃራኒውን ጠርዝ ግን አያስብበትም።

ሚዛንም ይመሰክራል። የ1969 ዓ.ም. ሽልንግ ሲታተም 6 ግራም፣ አሥር ሳንቲሙ 4.5 ግራም፣ ከአሉሚኒየም የተሠራው አንድ ሳንቲም 0.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ሽልንግ ከዚህ እጅግ ቀሎ ቢገኝ ሁለት መንገድ አለ። ብረቱ ከመጠን በላይ ተዳምጦ ከሳሳ ቅጠል የተቆረጠ ከሆነ፣ ቀለበቱ ይዞታልና ስፋቱ ትክክል ነው፤ ምስሉ ግን በቂ ብረት አጥቶ ደብዝዟል። አሲድ የበላው ከሆነ ግን ስፋቱም ጭምር አንሷል፣ ጠርዙ ጠፍቷል፣ ፊደሎቹ እንደ ከሱ ሆነው ቀጥነዋል። ከባትሪ አሲድ ውስጥ የወጣ ሳንቲም «ትንሹ ሽልንግ» ተብሎ ሲዞር ብትሰሙ አትደነቁ።

ስለ ተደረበ ጽሑፍ ልናገር። ይህ ከሁሉ የረቀቀው ነው። በዓለም የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ ፊላደልፊያ የታተመው የአንድ ሳንቲም ገንዘብ ነው። ማኅተሙ ራሱ ሲቀረጽ ምስሉ ሁለት ጊዜ፣ በጥቂቱ ዞር ብሎ ስለ ተጫነበት፣ ከዚያ ማኅተም የወጣው ሳንቲም ሁሉ ጽሑፉና ዓመቱ ተደርቦ ይነበባል። ከ20 ሺህ በላይ የሚሆኑት ወደ ሕዝቡ እጅ እንደ ገቡ ይገመታል። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የ1936 ዓ.ም. ቀን የያዙትና የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው ሳንቲሞቻችን በብዛት የታተሙት በዚያው በፊላደልፊያ ማተሚያ ቤት ነው። በትልቅ ማተሚያ ቤት ስሕተት አይፈጠርም የሚል ካለ መልሱ ይኸው ነው።

ነገር ግን ከመቶ «ድርብ» ሳንቲሞች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ አይደሉም። በመኪናው ውስጥ በደንብ ያልጠበቀ ማኅተም በጫነ ቅጽበት ትንሽ ቢንቀጠቀጥ፣ አሁን የታተመውን ፊደል ጎን ደፍጥጦ ያልፋል። ይህ የሚተወው ምልክት እንደ ደረጃ ጠፍጣፋና ዝቅ ያለ ነው፣ የፊደሉንም ስፋት ይቀንሳል። በማኅተሙ ላይ የተደረበው ግን ሁለቱም ፊደሎች ሙሉ ከፍታ አላቸው፣ ጫፋቸው ተሰንጥቆ ይታያል፣ ፊደሉም ከተለመደው ይሰፋል። የመጀመሪያው በየዕለቱ የሚሆን ነገር ነውና ሰብሳቢዎች ዋጋ አይሰጡትም። ሁለተኛው ብርቅ ነው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዚህ ረገድ የራሱ ችግር አለው። ፊደሎቻችን የሚለያዩት በትንሽ እግር፣ በትንሽ ቀለበት ነው። ማኅተሙ ውስጥ ያቺ ትንሽ ቀለበት በቅባት ብትደፈን ኃምሱ ግዕዝ መስሎ ይወጣል፤ የግዕዝ ቁጥርም ያው ነው። በመታሸት ያለቀ ፊደልም እንዲሁ ያታልላል። ስለዚህ «የተሳሳተ ፊደል» አገኘሁ ከማለታችን በፊት በአጠገቡ ያሉትን ፊደሎች እንመልከት። ጎረቤቶቹም ካለቁ ነገሩ እርጅና ነው። ጎረቤቶቹ ሹል ሆነው እሱ ብቻ ከደበዘዘ ማኅተሙ ተደፍኖ ነበር ማለት ነው።

እስካሁን በማኅተምና በብረት ላይ ነበርን። አሁን ወደ ሦስተኛው ክፍል፣ በአገራችን ገንዘብ ላይ ስሕተትም ጉዳትም ያልሆኑ ነገሮች ስሕተት መስለው ወደሚታዩበት ልለፍ። በእኔ አስተያየት በአገራችን አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከስሙኒ እንጀምር። የ1936ቱ የመዳብ ስሙኒ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ወጣ ገባ ያለ መሆኑን ታውቃላችሁ። አንዱን ክብ ሆኖ ያገኘው ሰው «ስሕተት» ይለዋል። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ስሙኒው መጀመሪያ የወጣው ክብ ሆኖ ነበር። ነገር ግን ስፋቱ ከብሩ ሽልንግ ጋር ስለ ተቀራረበ፣ በብር ቀለም እየለበጡ በሽልንግ ስም የሚያሳልፉት ሰዎች ተነሡ። በዚህ ምክንያት ክቡ ተሰብስቦ ባለ ቅጠል ጠርዙ ተተካ። ዓይነ ስውር እንኳ በጣቱ እንዲለየው ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ክቡም ባለ ቅጠሉም ትክክለኛ የመንግሥት ገንዘብ ነው። ክቡ ብርቅ ነው፤ ግን የመንግሥት ውሳኔ እንጂ የመኪና ስሕተት አልወለደውም። ነጭ ሆኖ የተለበጠ ክብ ስሙኒ ያላችሁ ደግሞ፣ በእጃችሁ ያለው ያ የጥንት ማታለል ራሱ ሊሆን ይችላል። ልብጡን አትፋቁት።

የዳግማዊ ምኒልክን ብር እንውሰድ። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ ለማውጣት አውጀው፣ በፓሪስ የታተመው ብር 1887 ዓ.ም. የሚል ቀን ይዞ ወጣ። ክብደቱም ንጥረ ብሩም ሕዝቡ ከለመደው ከማርያ ቴሬዛ ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ነበር፤ ሁለቱም 28 ግራም ገደማ ናቸው። በጀርባው ያለውን አንበሳ ስትመለከቱ በአንዳንዱ ብር የግራ፣ በሌላው የቀኝ የፊት እግሩን አንሥቷል። ይህ ልዩነት የተለያየ ማኅተም የተቀረጸ መሆኑን ያሳያል፤ ማንም አልተሳሳተም። በደርግ ዘመን የወጡት የ1969 ሳንቲሞችም እንዲሁ ናቸው። የአንበሳውን አገጭ በአጉሊ መነጽር ብታዩ በአንዳንዱ ጺሙ እኩል ነው፤ በሌላው በግራ በኩል ሁለት ረዘም ያሉ ጠጉሮች ወርደዋል። ሥራው ከአንድ በላይ ለሆኑ ማተሚያ ቤቶች ተሰጥቶ ስለ ነበር እያንዳንዱ የራሱን ማኅተም ይዞ ሠርቷል። የማርያ ቴሬዛው ብርም በዕንቁዎቹና በንስሩ ጅራት ላባዎች ይለያያል፤ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ታትሟልና። የዕንቁዎቹ ልዩነት ስለ ትውልድ ቦታው ይነግረናል።

ቀንም ያሳስታል። የማርያ ቴሬዛ ብር ንግሥቲቱ ካረፈች በኋላ በየትኛውም ዘመን ቢታተም 1780 ይላል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ያረፈችበት ዓመት ነው። የ1936ቱ ሳንቲምም ቀኑን ሳይለውጥ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ታትሟል። ስለዚህ አዲስ የሚመስል ሳንቲም አሮጌ ቀን መያዙ ምንም አያስገርምም።

ስለ ማግኔትም አንድ ቃል። የ1969ኙ ሽልንግና ስሙኒ ከመዳብና ከኒኬል ቅልቅል ስለ ሆኑ ማግኔት አይስባቸውም። በኋላ በ1990ዎቹ መጨረሻና ከዚያ ወዲህ የወጡት ግን ውስጣቸው ብረት፣ ላያቸው ልባጥ ነው፤ ማግኔት ይስባቸዋል። አምስትና አሥር ሳንቲሙም እንዲሁ ተለውጠዋል። «ማግኔት የሳበው ሽልንግ» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሰው ቢያጋጥማችሁ መጀመሪያ ቀኑን አንብቡ። ቀኑ 1969 ሆኖ ማግኔት ከሳበው ግን ያኔ ነገሩ ለምርመራ ይበቃል።

እውነተኛ ስሕተት ምን ያህል ግልጽ ምክንያት እንደሚኖረው ለማሳየት አንድ የውጭ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2008 እንግሊዝ የሳንቲሞቿን ምስል ስትለውጥ፣ በሃያ ሳንቲሟ ላይ ያለው ዓመት ከጀርባ ወደ ፊት ተዛወረ። በማተሚያ ቤቱ ውስጥ አሮጌው የፊት ማኅተም ከአዲሱ የጀርባ ማኅተም ጋር ተጣመረ። ዓመቱ በአንዱም ሳይኖር ብዙ ሺህ ሳንቲም ወጣ፤ ማተሚያ ቤቱም አመነ። እዚህ ላይ የሆነው ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነገራል፦ የትኛው ማኅተም፣ መቼ፣ ለምን። በመታሸት ዓመቱ የጠፋበት ሳንቲም እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም።

ሆን ተብለው ስለሚሠሩት ማታለያዎች በአጭሩ ላስጠንቅቅ። አንዱ ሁለት ሳንቲሞችን ደራርቦ በማሰሪያ ወይም በመዶሻ መጨፍለቅ ነው። በአንዱ ላይ የሌላው ምስል ተገልብጦና ሰርጉዶ ይታተማል። በማተሚያ ቤት ይህን የሚመስል እውነተኛ ስሕተት አለ፤ የታተመ ሳንቲም ከማኅተሙ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ የሚቀጥለውን ባዶ ክብ ሲያትመው ነው። ልዩነቱ ከሥር ያለው ነው። በእውነተኛው ስሕተት በዚያ ገጽ ላይ ከተገለበጠው ምስል በቀር ሌላ ምስል ኖሮ አያውቅም። በተጨፈለቀው ግን የመጀመሪያው ምስል ተደፍጥጦ ከሥር ይታያል። ሌላው ሁለት ፊት ያለው ሳንቲም ነው፤ ሁለት ሳንቲሞች ተፈልፍለው ተጋጥመው የተሠራ። ከጠርዙ ውስጥ ዳር ዳሩን ብትከተሉ የተጋጠመበት ስስ መስመር ይገኛል፤ በድንጋይ ላይ ሲጣልም ድምፁ የታፈነ ነው። የ2002 ዓ.ም. ባለ ሁለት ብረት አንድ ብር መሀሉ ወልቆ እንደገና ሲገባ ደግሞ በመጋጠሚያው ላይ የመውጊያ ምልክት ይቀራል፤ መሀሉም ይወዛወዛል።

አሁን ለእኔ ከሁሉ ወደሚበልጠው ክፍል ደርሻለሁ። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ቤታችሁ ያለውን ብትመረምሩ፣ ያገኛችሁት ነገር በአብዛኛው ጉዳት እንጂ ስሕተት አይሆንም። ይህ ሊያሳዝናችሁ አይገባም። ከወሎ ሴቶች አንገት ላይ የነበረውን ጠገራ ብር አስቡ። ተበስቷል፤ ወይም ማንጠልጠያ በብየዳ ተያይዞበታል። ለሰብሳቢ የተበሳ ብር የተበላሸ ብር ነው፤ ዋጋውም ይወርዳል። እኔ ግን ቀዳዳው ራሱ ሰነድ ነው እላለሁ። ማን በሳው፣ ለማን ጥሎሽ፣ በየትኛው ገበያ፣ በየትኛው አንጥረኛ እጅ ተሠራ የሚለው የዚህ አገር የኢኮኖሚና የቤተሰብ ታሪክ ነው። ገንዘብ ከመለዋወጫነት ወጥቶ ጌጥ፣ ተቀማጭ፣ ውርስ የሆነበትን ቀን ቀዳዳው ይዞታል። ከጠገራ ቀልጦ የተሠራው የአንገት መስቀልም፣ የክንድ አምባሩም የዚሁ ታሪክ ወገን ነው። ቪየና የሠራችው ብር በዓለም ሁሉ አለ፤ መካነ ሰላም የበሳችው ግን እዚህ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ያገኛችሁትን ገንዘብ አታጽዱ። በአመድ፣ በአሸዋና በሎሚ የሚታሸው ብር ለጊዜው ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን የላዩ ቆዳ ተገፎ በሺህ ጥቃቅን ጭረት ይሸፈናል፣ ከዚያ በኋላ ስሕተትን ከጉዳት መለየት ለባለሙያም ይከብዳል። አፈር ካለበት በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት፤ ሳታሹ አድርቁት፤ ሁለት ሳንቲሞች እንዳይፋተጉ በወረቀት ለየብቻ ጠቅልሉት። በወረቀቱም ላይ የት እንደ ተገኘ፣ የማን እንደ ነበረ፣ መቼ እንደ ተገኘ ጻፉበት። ይህ ጽሑፍ ከሳንቲሙ ተለይቶ ከጠፋ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ወጣቶች፣ በስልክ ዋጋ ለሚነግራችሁ ሰው ብረቱን አትላኩ። መጀመሪያ ሁለቱንም ገጽና ጠርዙን በፀሐይ ብርሃን ፎቶ አንሡ፣ በሚዛን አስመዝኑ፣ ጤነኛ ከሆነ ተመሳሳይ ሳንቲም ጎን አስቀምጡና አወዳድሩ። ጥንታዊ የሆነውን ደግሞ ከአገር ለማስወጣት ለሚሻ ሰው አትስጡ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የአካባቢያችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያው በር ነው።

መምህራን፣ በታሪክና በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ አንድ ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ተማሪዎቹ የሆነበትን እንዲናገሩ ጠይቋቸው። ግፊት፣ ቅልቅል ብረት፣ ዝገት፣ ንግድ፣ ጦርነት ሁሉም እዚያ ላይ አለ።

የከተማችን አንጥረኞች ሆይ፣ ወደ እሳታችሁ በየዓመቱ የሚገባውን ጠገራ ብር ከእናንተ በቀር የሚያየው የለም። ሥራችሁን አቁሙ አልልም። ከማቅለጣችሁ በፊት ግን ሁለቱን ገጽ፣ ጠርዙንና ቀዳዳውን ፎቶ አንሡልን፤ ያመጣውንም ሰው ከየት እንደ መጣለት ጠይቃችሁ በደብተር መዝግቡልን።